በአሮጌ የጃፓን ድራም ላይ የትኛው ብረት ከፋብሪካው የወጣ ነው?

እ.አ.አ በ1960ዎቹ በጃፓን ተሠርተው ለውጭ ገበያ የቀረቡ ድራሞች በዘመናቸው ብዙም ክብር አልነበራቸውም። ወላጆች ለጀማሪ ልጆቻቸው የሚገዟቸው፣ የልጁ ፍላጎት ሲበርድም ጓዳ የሚጣሉ ርካሽ ዕቃዎች ነበሩ። ዛሬ ግን የአሮጌ መሣሪያ ወዳጆች ፈልገው ይገዟቸዋል። በዚህ ገበያ ዋጋ ከሚወስኑ ጥያቄዎች አንዱ፣ በድራሙ ላይ ያሉት ብረቶች ከፋብሪካው አብረውት የወጡ ናቸው ወይስ ከሌላ ድራም ተነቅለው የተገጠሙ የሚለው ነው። መልሱን የሳተ ገዢ ገንዘቡን ይከስራል። መልሱን የሳተ ጠጋኝ ግን የከፋ ጥፋት ያደርሳል፤ የማይመጥን ብረት ለመግጠም ሲል ስድሳ ዓመት ገደማ የኖረውን እንጨት ይበሳል።

ለመሆኑ ብረቱ በድራም ላይ ምን ይሠራል? የከበሮ ቆዳ የሚወጠረው በጠፍር ነው፤ ሲላላም ፀሐይ ወይም እሳት ይሞቃል። በዘመናዊው ድራም ይህን ሥራ የተረከበው ብረት ነው። የሚመታው ሽፋን በቀለበት ይያዛል፤ ቀለበቱን ረጃጅም ብሎኖች ይስቡታል፤ ብሎኖቹ ደግሞ በእንጨቱ ጎን ላይ በተተከሉና የሙያው ሰዎች «ላግ» በሚሏቸው መያዣዎች ውስጥ ይጠብቃሉ። የትንሹን ድራም መሸከሚያ፣ የትልቁን ድራም እግሮችና የስኔሩን ሽቦዎች የሚያጠብቀውን ማንሻ ጨምሮ በአንድ ስብስብ ላይ ያሉት ብረቶች እጅግ ብዙ ናቸው። ለመጥፋትም ለመለዋወጥም የተመቹ ናቸው።

አብዛኛው ሰው አስቀድሞ የሚያየው በድራሙ ፊት ያለውን የስም አርማ ነው። በጃፓን ድራም ረገድ ግን እንደ አርማው የሚያሳስት ነገር የለም። ፐርል የተባለው ኩባንያ እ.አ.አ በ1946 በካትሱሚ ያናጊሳዋ በቶኪዮ ሲመሠረት የሚሠራው የኖታ ማስቀመጫ ነበር፤ ወደ ድራም የዞረው በ1950 ነው። በ1961 በቺባ በተከለው ፋብሪካ ከ30 በላይ የንግድ ስሞችን የሚይዙ ርካሽ ድራሞችን አመረተ፤ አፖሎ፣ ማጀስቲክ፣ ማክስዊን፣ ሊራ፣ ኮሮኔት ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ኋላ በ1974 ታማ የሚለውን ስም የወሰደው የሆሺኖ ጋኪ ኩባንያም ከ1962 ጀምሮ ስታር የተባሉ ድራሞችን ይሠራ ነበር። በ1964 ቢትልሶች በአሜሪካ ቴሌቪዥን ከቀረቡ በኋላ ድራም ለመምታት የሚጓጓው ወጣት ሲበዛ ለእነዚህ ርካሽ ድራሞች ገበያው ሰፋ። አርማው እንግዲህ ብዙውን ጊዜ የሻጩን እንጂ የሠሪውን ማንነት አይናገርም።

የላጉ ቅርጽ ከአርማው ይሻላል፤ እርሱም ቢሆን ብቻውን አይበቃም። የጃፓን ሠሪዎች የሉድዊግን፣ የስሊንገርላንድንና የሌሎች አሜሪካውያን ሠሪዎችን ቅርጽ አስመስለው ያወጡ ስለነበር፣ ከፊት ሲታዩ የሚመሳሰሉ ሁለት ላጎች የተለያዩ ፋብሪካዎች ሥራ ሊሆኑ ይችላሉ። ልዩነቱ የሚገኘው ከጀርባቸው ነው። ከእንጨቱ ጋር በሚያያይዟቸው ሁለት ብሎኖች መካከል ያለው ርቀት በካሊበር በሚሊ ሜትር ሲለካ፣ ዓይን ያላየውን ልዩነት ያወጣል።

ከሁሉ የበለጠው ምስክር እንጨቱ ነው። አብዛኞቹ እነዚህ ድራሞች ሉዋን ከተባለ የሩቅ ምሥራቅ ዛፍ በተሠራ ስስ ኮምፖርሳቶ የተዘጋጁና በሚያብረቀርቅ ፕላስቲክ የተለበጡ ናቸው። ፕላስቲኩ በብርሃንና በጭስ ብዛት ይወይባል፤ በላጉ ሥር የተሸፈነው ክፍል ግን የመጀመሪያ ቀለሙን ይዞ ይቆያል። ላጉ ሲነሣ ከሥሩ የሚታየው ደማቅ ጥላ ከላጉ ቅርጽ ጋር ልክ ከገጠመ፣ ብረቱ በቦታው ረጅም ዕድሜ ማሳለፉን ያሳያል። ጥላው ሰፋ ወይም ጠበብ ካለ፣ ቀድሞ ሌላ ብረት ነበር ማለት ነው። በውስጥ በኩልም የሮንዴላዎቹ የእንጨት ላይ አሻራ፣ የተደፈኑ ቀዳዳዎች ወይም ዙሪያቸው የተሰነጣጠረና እንጨቱ ገና ነጣ ያለ ቀዳዳዎች ይታያሉ። እንዲህ ያለው ቀዳዳ በኋላ በትራፓኖ የተበሳ መሆኑ አያጠራጥርም።

ብረቱ ራሱም የሚያረጅበት ወግ አለው። ቀለበቶቹ አብዛኛውን ጊዜ ክሮም የተቀባ ብረት ስለሆኑ ቀይ ዝገት ያወጣሉ፤ ማግኔትም ይይዛቸዋል። ላጎቹ ግን ከዚንክ ቅልቅል የተቀረጹ በመሆናቸው ማግኔት አይስባቸውም፤ ሲያረጁ ቀይ ዝገት ሳይሆን ግራጫ ፈንጣጣ የመሰለ ነገር ያወጣሉ። በስድስት የደበዘዙ ላጎች መካከል ሁለት የሚያበሩ ቢገኙ ጥርጣሬው ተገቢ ነው። በቀለበት ወይም በማንሻ ላይ «ጃፓን» የሚል ትንሽ ማኅተም ካለም ይጠቅማል፤ እ.አ.አ የ1930ው የአሜሪካ የታሪፍ ሕግ ከውጭ የሚገባ ዕቃ የተሠራበት አገር እንዲጻፍበት ያዛል።

ብሎኖችን በተመለከተ ጥንቃቄ ያሻል። ዛሬ በገበያ በብዛት የሚገኘው በአሜሪካ መለኪያ 12-24 የሚባለው፣ ውፍረቱ 5.5 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነና በአንድ ኢንች ውስጥ 24 ጥርስ ያለው ነው። በእጅ ብቻ ሲጠመዘዝ የማይገባን ብሎን በመፍቻ ማስገደድ በላጉ ውስጥ ያለውን ጥርስ ይበላዋል፤ ለአብዛኞቹ ለእነዚህ ላጎች ደግሞ አዲስ ምትክ የሚያመርት የለም። ምትክ የሚገኘው ሌላ አሮጌ ድራም ሲፈታ ነው።

ይህ ሁሉ ሲባል ግን የተለወጠ ነገር ሁሉ ጉድለት አይደለም። የሚመታው ሽፋን በየጊዜው የሚያልቅ ስለሆነ መለወጡ ከድራሙ ዋጋ አይቀንስም። በላጉ ውስጥ የሚንኮሻኮሸውን ሞላ ድምፅ ለማፈን ባለቤቱ የወተፈው ጥጥም እንዲሁ። ሊከበር የሚገባው ቀዳዳው ነው፤ ጠጋኙ ምትክ ከመግዛቱ በፊት ርቀቱን ለክቶ፣ ባሉት ቀዳዳዎች ላይ የሚገጥም ላግ እስኪያገኝ ቢታገስ ይሻላል። የተነቀለውን አሮጌ ብረትም በከረጢት አድርጎ፣ ከየት እንደተነሣ ጽፎበት፣ ከድራሙ ጋር ማኖር ነው፤ ቀጣዩ ባለቤት ይፈልገዋልና።