ጆሮ የቱ ላይ ይጎዳል?

«ይህ ልጅ አይሰማም» ይባላል። ተጠርቶ ሳይመጣ ሲቀር ይገረፋል። ልጁ ግን እምቢተኛ ላይሆን ይችላል። ጆሮው ተጎድቶ ይሆናል።

በመጀመሪያ ድምፅ በጆሮ ውስጥ እንዴት እንደሚያልፍ እንመልከት። ጆሮ ሦስት ክፍሎች አሉት። እነሱም የውጭ ጆሮ፣ የመሀል ጆሮና የውስጥ ጆሮ ናቸው። ድምፅ በጆሮ ቀዳዳ ገብቶ ታምቡሩን ይመታል። ታምቡሩ እንደ ከበሮ ቆዳ ይርገበገባል። ከታምቡሩ በስተጀርባ 3 ትንንሽ አጥንቶች አሉ። እነሱ መርገብገቡን ተቀባብለው ወደ ውስጥ ጆሮ ያደርሱታል።

የውስጥ ጆሮ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት የተጠመዘዘ ነው። በውስጡ ፈሳሽና ረቂቅ ጸጉር ያላቸው ሕዋሶች አሉ። ፈሳሹ ሲናወጥ ጸጉሮቹ ይወዛወዛሉ። ከዚያ መልእክቱ በነርቭ ወደ አንጎል ይሄዳል። የምንሰማው ያን ጊዜ ነው።

ታዲያ የመስማት ችግር ሁሉ አንድ አይደለም። ዓይነቱ እንደ ጉዳቱ ቦታ ይለያያል።

አንደኛው የድምፁ መንገድ ሲዘጋ ነው። ኩክ ቀዳዳውን ይደፍናል። የመሀል ጆሮ መግል ይይዛል። ወይም ታምቡሩ ይበሳል። ያን ጊዜ ድምፅ ይደክማል፤ ጮክ ተብሎ ሲነገር ግን ይሰማል። ይህ ብዙ ጊዜ በሕክምና ይድናል።

ሁለተኛው የውስጥ ጆሮ ወይም ነርቩ ሲጎዳ ነው። ማጅራት ገትር፣ ኃይለኛ ጩኸት፣ እርጅናና እንደ ጄንታማይሲን ያሉ አንዳንድ መድኃኒቶች ረቂቆቹን ሕዋሶች ሊገድሉ ይችላሉ። የሞቱት ሕዋሶች ተመልሰው አይበቅሉም። ብዙ ጊዜ ቀድመው የሚሞቱት ቀጭን ድምፅ የሚቀበሉት ናቸው። ስለዚህ በወፍጮ ቤት ብዙ ዘመን የሠራ ሰው የወንድ ድምፅ እየሰማ የወፍ ድምፅ ሊያመልጠው ይችላል። «ድምፅህን እሰማለሁ፤ ቃሉ ግን አይለይልኝም» ይላል። ለእንዲህ ያለ ሰው መጮህ ብዙም አይረዳውም። ፊት ለፊት ሆኖ ቀስ ብሎ ማነጋገር ይሻላል። የመስማት መርጃ መሣሪያም ሊያግዘው ይችላል።

ሦስተኛው ሁለቱ ሲደራረቡ ነው። ሳይታከም ለዓመታት የመገለ ጆሮ ታምቡሩን በስቶ እያደር የውስጥ ጆሮንም ሊጎዳ ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ዘገባ፣ ከልጆች የመስማት ችግር 60 በመቶ ያህሉን መከላከል ይቻላል ብሏል። ታዲያ ምን እናድርግ?

ልጆችን በወቅቱ እናስከትብ። ኩፍኝም ጆሮ ይጎዳልና። ጆሮን በክብሪት እንጨት አንጎርጉር። ዘይት ወይም የቅጠል ጭማቂ አንጨምርበት። መግል ከወጣ ዛሬ ነገ ሳንል ወደ ጤና ጣቢያ እንሂድ። መድኃኒት ያለ ሐኪም ትእዛዝ አንውሰድ። በጩኸት ቦታ የምንሠራ ጆሮአችንን እንሸፍን።

ሕፃን በትልቅ ድምፅ ካልደነገጠ፣ 6 ወር ሞልቶትም ወደ እናቱ ድምፅ ካልዞረ፣ ቶሎ ይመርመር። ጉዳቱ የማይድን ቢሆንም እንኳ ልጁ ከትምህርት አይቅር። በምልክት ቋንቋ ይማራል፤ ይጫወታል፤ ሐሳቡን ይገልጻል። ቋንቋ ግን ቶሎ ይፈልጋል።

ጥያቄ
1. ጆሮ ስንት ክፍሎች አሉት?
2. በሕክምና ብዙ ጊዜ የሚድነው የትኛው ጉዳት ነው?
3. በአካባቢያችሁ ተጠርቶ የማይመጣ ልጅ አለ? ጆሮው ተመርምሯል?