ቴፑ ተገጠመ፣ ሪሞቱ ሞተር ማስነሳት እምቢ አለ፦ ተረቱና እውነታው

በሪሞት ሞተር ማስነሳት ይበልጥ የሚታወቀው በረዶ በሚጥልባቸው አገሮች ነው፤ ሰዉ ከቤቱ ሳይወጣ መኪናው እንዲሞቅለት። መተማ ላይ ሥራው ተገልብጧል። ከባህር ወለል በላይ 700 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው በዚህች የድንበር ከተማ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ 40 ዲግሪን ሲያልፍ የሚገርመው ሰው የለም። ፀሐይ ላይ የዋለ መኪና መሪው አያስይዝም። ስለዚህ ሪሞት ያለው ሰው ሞተሩን ከሩቅ አስነስቶ ኤሲው እስኪያቀዘቅዝ ጥላ ሥር ይቆያል። ችግሩ የሚመጣው የድሮው ቴፕ ወጥቶ ባለ ትልቅ ስክሪኑ ሲገባ ነው። በማግስቱ ሪሞቱ ሲጫን ሞተሩ ዝም ይላል፤ ያኔ ፍርድ የማይሰጥ የለም።

«ሪሞቱ ተበላሽቷል፣ አዲስ ግዛ።» ብዙውን ጊዜ ስህተት ነው። ያው ሪሞት በር ከቆለፈና ከከፈተ መልእክቱ ደርሷል ማለት ነው። እምቢ ያለው ከዳሽቦርዱ ሥር ያለው የማስነሻ ሞጁል ነው፤ እምቢ እንዲልም ተደርጎ ነው የተሠራው። ኮፈኑ ተዘግቷል? ፍሬኑ አልተረገጠም? ማርሹ ፓርኪንግ ላይ ነው? ቁልፉ አልተከፈተም? ከነዚህ አንዱ ከተጓደለ ሞተሪኖውን አያዘውም። ብዙዎቹ ሞጁሎች የእምቢታቸውን ምክንያት መብራት በማብለጭለጭ ይናገራሉ፤ የብልጭታው ቁጥር ትርጉም ያለው ከዕቃው ጋር በመጣው መመሪያ ላይ ነው። መመሪያውን ያስቀመጠ ሰው ካገኛችሁ አመስግኑት። ሪሞቱ ቀርቦ ሲሠራ ራቅ ሲል ብቻ ካልሠራ ግን ርካሽ ስክሪን ወይም የሲጋራ ማቀጣጠያው ላይ የተሰካ ቻርጀር የሚረጨው የሬድዮ ረብሻ ሊሆን ይችላል። ነቅሎ መሞከር ነው።

«ባትሪው ነው።» ይህ ግማሽ እውነት አለው። ቆላ ባትሪ ይገድላል፤ ሙቀት የውስጡን ኬሚካል ያፋጥነዋል፣ ውሃውንም ያደርቀዋል። ግን ትናንት ደህና የነበረ ባትሪ ቴፕ በተገጠመ ማግስት ከደከመ መጠየቅ ያለበት ገጣሚው ነው። የቴፑ ቢጫ ሽቦ ሁልጊዜ ኃይል የሚያገኝ ነው፤ ቀዩ ቁልፍ ሲከፈት ብቻ። ያለ ቁልፍ ሙዚቃ እንዲሰማ ሁለቱን አንድ ላይ ያሰረ ሰው ቴፑን ሌሊቱን ሙሉ ነቅቶ እንዲያድር አድርጎታል። ይባስ ብሎ የመኪናውን ሁለቱንም መስመሮች ካገናኛቸው በአንዳንድ መኪና ላይ ሞጁሉ ቁልፉ የተከፈተ ይመስለዋል፤ አያስነሳም። ያረፈ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። የቮልት መለኪያ ያለው ኤሌክትሪሽያን በደቂቃ የሚነግራችሁ ነገር ነው፤ ባትሪ ከመግዛት በፊት ይለካ።

«ፊውዝ ካቃጠለ ከፍ ያለ ይደረግበት።» ይህን የሚል ሰው መኪናችሁን አይንካ። ፊውዙ የሚቃጠለው ሽቦው እንዳይቃጠል ነው። በ10 አምፒር ቦታ 30 የገባ ዕለት፣ ወይም የሲጋራ ብርማ ወረቀት የተጠቀለለበት ዕለት፣ ቀጥሎ የሚነደው ሽቦው ነው።

«ማንዋልም ቢሆን ያው ነው።» ከሁሉም የሚያስፈራኝ ይሄ ነው፤ በቆላው መንገድ ላይ የሚታዩት ብዙዎቹ ፒክአፖች ማንዋል ናቸውና። ማርሽ ውስጥ የቆመ ማንዋል መኪና ሞተሪኖው ሲዞር ወደፊት ይዘላል፤ ፊቱ ሕፃን ይኑር ግድግዳ አያውቅም። ለማንዋል የተሠራ ሞጁል ስለዚህ የእጅ ፍሬን መያዙን ይጠይቃል። እዚህ ላይ የቴፕ ገጣሚው እጅ ይገባል። ባለ ስክሪን ቴፕ የእጅ ፍሬን ካልተያዘ ፊልም አያሳይም፤ እየነዳ ማየት የሚፈልግ ደንበኛ ግን አለ። ገጣሚው የቴፑን የፍሬን ሽቦ ብቻ ማሳ (የመኪናው ብረት) ላይ ቢያስር አደገኛ ልማድ እንጂ የሞጁል ችግር አይሆንም። ከመኪናው የፍሬን ሽቦ ጋር ቀላቅሎ ካሰረው ግን መኪናው የእጅ ፍሬኑ ሁልጊዜ የተያዘ ይመስለዋል። የዳሽቦርዱ የፍሬን መብራት ፍሬን ተለቆም አልጠፋ ካለ ምልክቱ ይሄ ነው፤ እስኪስተካከል ድረስ ሪሞቱን አትጫኑ።

ከየት ይጀመር? ከቴፑ። ሶኬቱን ነቅላችሁ ሪሞቱን ሞክሩ። ከሠራ ጥፋቱ በአዲሱ ቴፕ ሽቦዎች ላይ ነው፤ ካልሠራ በሥራው ጊዜ የተነቀለ ሶኬት፣ የላላ ማሳ ወይም የተቃጠለ ፊውዝ ይፈለግ። በአንዳንድ አዳዲስ መኪኖች የፋብሪካው ቴፕ ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር በአንድ መስመር ስለሚነጋገር፣ ማጣራት የሚቻለው እሱን ራሱን መልሶ በመሰካት ነው። ስለዚህ የድሮውን ቴፕ አትሽጡት። አዲሱን ለሚገጥመውም ሰው መኪናው በሪሞት እንደሚነሳ አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ሽቦ ከመቁረጥ ይልቅ ለመኪናችሁ የሚሆን ማገናኛ ሶኬት እንዲጠቀም ጠይቁት፤ ሳትከፍሉም በፊቱ ሪሞቱን ጫኑ።