አዲስ አበባን በእግር፦ ለልባችሁ የሚሆኑ ሦስት መንገዶች

ዛሬ የምናወራው ስለ መድኃኒት ሳይሆን ስለ ጫማ ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ ቀን ታካሚ ሲቀርብኝ የግፊት መለኪያውን በራሴ ክንድ ላይ አሰርኩት። 148 በ94! ሳምንት ሙሉ ተከታተልኩት፤ አልወርድ አለ። አባቴን ያጣሁት በስትሮክ ስለሆነ ደነገጥኩ። ቀኑን ሙሉ «በሳምንት 150 ደቂቃ ተራመዱ» ስል እውላለሁ፤ የእኔ እግር ግን ከቤት እስከ መኪና፣ ከመኪና እስከ ወንበር ያለውን መንገድ ብቻ ነበር የሚያውቀው።

ጂም ለመግባት ሰዓቱም ትዕግሥቱም አልነበረኝም። ስለዚህ ያደግኩባትን ከተማ እንደ እንግዳ በእግሬ ማየት ጀመርኩ። እስቲ ከምወዳቸው መንገዶች ሦስቱን ላካፍላችሁ።

1. ከስድስት ኪሎ እስከ አራት ኪሎ (ለጀማሪ)

ከየካቲት 12 ሐውልት ተነሡ። በ1929 ዓ.ም. በፋሺስቶች የተጨፈጨፉት ወገኖቻችን መታሰቢያ ነው፤ አንድ ደቂቃ ቆም በሉ። ከዚያ በዩኒቨርሲቲው በር በኩል ወደ ታች፣ አምስት ኪሎ ስትደርሱ ድንቅነሽ ያለችበት ብሔራዊ ሙዚየም፣ መጨረሻው የአራት ኪሎው የድል ሐውልት። ሳትቸኩሉ 20 ደቂቃ ገደማ ነው። መንገዱ ቀስ ብሎ ስለሚወርድ ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀስ ለቆየ ሰው ይመቻል።

2. ከጊዮርጊስ እስከ ለገሃር

ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በፒያሳ አድርጋችሁ ቸርችልን ውረዱ። የቴዎድሮስ አደባባይ፣ ፖስታ ቤት፣ ብሔራዊ ቴአትር፣ ከዚያ የድሮው ባቡር ጣቢያና አንበሳው። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ቁልቁለት ለልብ ቀላል፣ ለጉልበት ግን ከባድ ነው። ዳገት ደግሞ በተቃራኒው። ጉልበታችሁን የሚያማችሁ ከለገሃር ጀምራችሁ በዝግታ ወደ ላይ ውጡ፤ ሲደክማችሁ ታክሲ አለ።

3. ከሽሮ ሜዳ እስከ እንጦጦ ማርያም (ለለመደ ሰው)

የሀገር ልብሱን እያያችሁ ትጀምራላችሁ፤ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑበት ቦታ ላይ ትጨርሳላችሁ። ነገር ግን እንጦጦ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ አየሩ ስስ ነው። የልብ ሕመም ያለባችሁ ሐኪማችሁን ሳታማክሩ እንዳትሞክሩት። ከውጭ የመጣችሁ ዲያስፖራዎችም የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ቀናት መጀመሪያው መንገድ ላይ አሳልፉ። ብቻችሁንም አትውጡ።

ከመውጣታችሁ በፊት

👉 ፍጥነታችሁን በወሬ ለኩ። ማውራት ከቻላችሁ፣ መዝፈን ግን ካቃታችሁ ልክ ነው።

👉 ጠዋት 12፡30 አካባቢ ውጡ። የመኪና ጭስ ሳይበዛ፣ ፀሐይም ሳትበረታ ትመለሳላችሁ።

👉 ስኳር ያለባችሁ፦ በኪሳችሁ ከረሜላ ያዙ። ላብ ላብ ካላችሁ፣ ከተንቀጠቀጣችሁ ቁጭ ብላችሁ ብሉት። ነጠላ ጫማ አይሆንም፤ ቤት ስትገቡ የእግራችሁን መዳፍና የጣቶቻችሁን መሃል እዩ። የማታውቁት ቁስል ይኖራል።

👉 ውሻ ከነከሳችሁ ወይም ከቧጨራችሁ ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። «ትንሽ ጭረት ናት» አትበሉ። የውሻ በሽታ ምልክቱ ከጀመረ በኋላ ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል፤ ክትባቱ ግን በጊዜ ከተወሰደ ያድናል።

👉 ደረታችሁን ካፈናችሁ፣ ሕመሙ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ ከሄደ፣ ካዞራችሁ አቁሙ። «እስከ ቤቴ ልድረስ» የለም፤ በቀጥታ ሆስፒታል።

የእኔስ ግፊት? ዛሬ ጠዋት 130 በ82 ነበር። ወክ ብቻውን ነው ያወረደው ብዬ አልዋሻችሁም፤ ጨው ቀንሻለሁ፣ የታዘዘልኝንም መድኃኒት እወስዳለሁ። እናንተም መራመድ ስለጀመራችሁ መድኃኒታችሁን በራሳችሁ እንዳታቆሙ፣ አደራ!

ቅዳሜ ጠዋት አንዱን መንገድ ሞክሩ። እናት ወይም አባት ካላችሁ ይዛችኋቸው ውጡ፤ በድሮ ሰፈራቸው እለፉ። ወሬው ራሱ ያራምዳቸዋል። እኔ አባቴን ይዤ ባለመውጣቴ ዛሬም ይቆጨኛል።

የእናንተ ሰፈር መንገድ የቱ ነው? ኮሜንት ላይ ጻፉልን፤ ግፊት ላለበት ወዳጃችሁም ሼር አድርጉለት።

ጤናችሁ ይብዛ!