«ኢኪሩ»፦ በማኅበር የሚታይ ፊልም

ጃፓናዊው አኪራ ኩሮሳዋ እ.ኤ.አ. በ1952 ሠርቶ ያቀረበው፣ ስሙም «መኖር» ማለት የሆነው «ኢኪሩ»፣ የሰው ልጅ በዚህ ኃላፊ ዓለም ስለ ምን እንደሚኖር ከሚመረምሩት ታላላቅ ፊልሞች አንዱ ሲሆን፣ አንድ ሰው በቤቱ ብቻውን ከሚያየው ይልቅ የሰፈር ሰው በአዳራሽ ተሰብስቦ ቢመለከተው ምስጢሩ ይበልጥ ይገለጣል፤ የኋለኛው ክፍሉ ራሱ ጉባኤ ነውና።

እንዲህ ላለው የማኅበር ትርኢት መንገዱን ያቀናው፣ ኮዳክ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1923 ያወጣው ባለ 16 ሚሊሜትር ፊልም ነው። የቀድሞው የናይትሬት ፊልም እሳት ከያዘው የማይጠፋ ስለ ነበረ በልዩ ክፍል ካልሆነ በቀር ማሳየቱ ያሰጋ ነበር፤ አዲሱ ግን በቀላሉ የማይነድ፣ መሣሪያውም ለመሸከም የሚመች በመሆኑ፣ ትምህርት ቤቱም የቤተ ክርስቲያን አዳራሹም ነጭ አቡጀዲ ወጥሮ ሲኒማ ቤት ለመሆን በቃ።

የ«ኢኪሩ» ታሪክ የሚጀምረው በአንድ የጨጓራ ራጅ ነው፤ የራጁ ባለቤት ነቀርሳ እንዳለበት፣ እርሱ ራሱ ግን ገና እንዳላወቀ ተራኪው ለተመልካቹ አስቀድሞ ይነግረዋል። ይህ ሰው፣ ታካሺ ሺሙራ የሚጫወተው ካንጂ ዋታናቤ፣ የማዘጋጃ ቤት ክፍል ሹም ሆኖ ሠላሳ ዓመት ያህል በወረቀት ላይ ማኅተም ሲያሳርፍ የኖረ ነው። በሰፈራቸው ያለው የቆሻሻ ውሃ ረግረግ ተደፍኖ ለልጆች መጫወቻ እንዲሆንላቸው እናቶች አቤቱታ ይዘው ቢመጡ፣ አንዱ ክፍል ወደ ሌላው እየመራቸው፣ ደጅ ሲጠኑ ውለው በመጨረሻ ወደ ተነሡበት መስኮት ይመለሳሉ። ዋታናቤ ዕለተ ሞቱ እንደ ቀረበች በተረዳ ጊዜ በመጠጥና በጭፈራ ሊጽናና ቢሞክር አልሆነለትም፤ መሥሪያ ቤቱን ትታ ፋብሪካ የገባች አንዲት ወጣት የምትሠራውን አሻንጉሊት ጥንቸል ባሳየችው ጊዜ ግን፣ እርሱም ለልጆች አንድ ነገር ሊሠራ እንደሚችል ተገልጦለት ያንን የተረሳ ማመልከቻ ከክምሩ አወጣ።

143 ደቂቃ ከሚፈጀው ፊልም ሁለት ሦስተኛው ገደማ ሲያልፍ፣ ተመልካቹ ሳያስበው ባለታሪኩ ሞቶ፣ ባልደረቦቹ በለቅሶው ቤት ፎቶግራፉን ከብበው ሳኬ ሲጠጡ ይታያሉ። መጫወቻውን ያሠራው ማን እንደ ሆነ ሲከራከሩ፣ ምክትል ከንቲባው ምስጋናውን ለራሱ ያደርጋል፤ ነገር ግን የሰፈሩ እናቶች ገብተው በፎቶግራፉ ፊት ሲያለቅሱ ሹማምንቱ አንገታቸውን ይደፋሉ፤ በኋላም አንድ ፖሊስ የሟቹን ባርኔጣ ይዞ መጥቶ፣ በሞተባት ሌሊት በረዶ እየወረደበት በመጫወቻው ዥዋዥዌ ላይ ተቀምጦ ሲዘፍን እንዳየው ይመሰክራል። ባልደረቦቹም በስካር መንፈስ ከእንግዲህ እንደ እርሱ እንሠራለን ብለው ይማማላሉ፤ ወደ ቢሮ በተመለሱ ጊዜ ግን ባለጉዳይ እንደ ቀድሞው ወደ ሌላ ክፍል ሲመራ፣ አንዱ ጸሐፊ ተቆጥቶ ከወንበሩ ቢነሣም ሁሉም ስላፈጠጡበት ከወረቀቱ ክምር ኋላ ተመልሶ ይቀመጣል።

መብራት በርቶ ውይይት ሲከፈት፣ አዳራሹ ሳያውቀው የለቅሶውን ቤት ሥርዓት ይደግማል፤ ስለ ሟቹ በጎነት ይናገራል፣ ይከራከራል፣ ይማማላልም። ስለዚህ አንደበቱን አሳምሮ የተናገረ ተመልካች የዋታናቤን ወገን የያዘ ቢመስለውም፣ በማግሥቱ በራሱ መስኮት ፊት የቆመውን ባለጉዳይ እስኪያስተናግድ ድረስ ኩሮሳዋ ወንበር ያዘጋጀለት ከለቀስተኞቹ ጎን ነው።