«ሠራ» ነው ያሉኝ ወይስ «ፈራ»? — ድምፅ በዳታ መንገድ እንዴት ይጓዛል?

ከገጠር ትምህርት ቤት ወደ ሰቆጣ ደውሎ ስለ አንድ ተማሪ የተነጋገረ መምህር ይህን ጥያቄ ሳይጠይቅ ወይም ሳይጠየቅ አይቀርም። «ልጁ ሠራ» ተብሎ «ልጁ ፈራ» ይሰማል። ጥፋቱ ታዲያ የጆሮም የምላስም አይደለም። የመስመሩ ነው።

የሰው ድምፅ ከዝቅተኛ እስከ ከፍተኛ ብዙ ዓይነት ንዝረት አለው። የተለመደው ስልክ ግን በሰከንድ ከ300 እስከ 3400 ጊዜ ያህል የሚርገበገበውን ብቻ አሳልፎ የቀረውን ይቆርጠዋል። «ሰ» ስንል በጥርሳችን መካከል የሚወጣው ፉጨት ደግሞ አብዛኛው ኃይሉ ከ4000 በላይ ነው። ያ ሲቆረጥ የሚቀረው «ፈ»ንም «ሰ»ንም የሚመስል እፍታ ነው። ተናጋሪው አማርኛ ይናገር ኽምጥኛ ለመስመሩ ያው ነው። (በስልክ ስም ስናስጽፍ «የሰቆጣው ሰ!» እያልን የምንጮኸው በዚሁ ምክንያት ነው። ምን ይደረግ፣ መጮህ የተቆረጠውን አይመልስም።)

በቀድሞው አሠራር ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ አንድ መንገድ ለእነርሱ ብቻ ይያዝላቸዋል። ዝም ቢባባሉም መንገዱ እንደተያዘ ነው። በ1991 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተጀመረው ተንቀሳቃሽ ስልክም በዚሁ ዘዴ የሚሠራ ነበር። በ2007 ዓ.ም. እዚያው አዲስ አበባ የገባው አራተኛው ትውልድ፣ ማለት ፎርጂ፣ ግን ከመሠረቱ ለዳታ የተሠራ ስለሆነ እንዲህ ያለ የተያዘ መንገድ የለውም። ስለዚህ በፎርጂ ላይ ያለ ስልክ ሲደወልበት ወደ ሦስተኛው ወይም ወደ ሁለተኛው ትውልድ ይወርዳል። ስንደውል ጥሪው እስኪያያዝ ጥቂት ሰከንድ የምንጠብቀው፣ እያወራንም ኢንተርኔቱ የሚንቀራፈፈው ወይም ጨርሶ የሚቆመው ለዚህ ነው።

መፍትሔው ድምፁን ራሱን ዳታ ማድረግ ሆነ። ዘዴው ቮልቲ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካና በደቡብ ኮሪያ ለሕዝብ አገልግሎት ቀረበ። አሠራሩም እንዲህ ነው፦ ስልኩ ድምፃችንን በሰከንድ 16,000 ጊዜ ይለካና ወደ ቁጥር ይለውጠዋል። የሰከንድ አንድ ሃምሳኛ በሞላ ቁጥር አንድ ጥቅል ያስራል። በሰከንድ 50 ጥቅል ማለት ነው። በዚህ ዘዴ እስከ 7000 ንዝረት ድረስ ስለሚያልፍ የ«ሰ» ፉጨት ከነነፍሱ ይደርሳል።

የአንዱ ጥቅል ጭነት በተለመደው አሠራር 32 ባይት ያህል ነው። አንድ የአማርኛ ፊደል በኮምፒዩተር ብዙውን ጊዜ 3 ባይት ይፈጃል፤ እንግዲህ ጭነቱ የአሥር ፊደል ያህል መሆኑ ነው። የሚገርመው ግን በጥቅሉ ላይ የሚለጠፈው አድራሻና ተራ ቁጥር 40 ባይት መሆኑ ነው። መጫኛው ከጭነቱ ከበደ! ደግነቱ አድራሻው ከጥቅል ጥቅል እምብዛም አይለወጥም፤ በስልኩና በምሰሶው መካከል አሳጥሮ በጥቂት ባይት መላክ ይቻላል።

«ታዲያ ይኸ ከቴሌግራም ጥሪ በምን ይለያል?» የሚል አይጠፋም። ቴሌግራምም ጥቅል ያስራል፤ ጥቅሉ ግን ፊልም ከሚያወርደው ሁሉ ጋር እኩል ይሰለፋል። ፊልም ቢዘገይ ይደርሳል፤ ዘግይቶ የደረሰ ድምፅ ግን ተጥሎ ነው የሚታለፈው። በቮልቲ ኔትወርኩ ለድምፁ ቅድሚያ ይሰጣል፤ የሚበቃውንም ስፋት ይጠብቅለታል። በገበያ ቀን ሁሉም ስልኩን ሲነካካ ልዩነቱ ይታወቃል። ተቀባዩ ስልክም ጥቅሎቹን ለቅጽበት ይዞ በተራ ያሰልፋቸዋል፤ አንዱ መንገድ ላይ ከጠፋ ከቀደመው ድምፅ ገምቶ ቀዳዳውን ይሞላል።

ወደ ዋግ ኽምራ ስንመለስ ነገሩ ከመልክዓ ምድሩ ጋር ይያያዛል። የሬዲዮ ሞገድ ተራራ ዞሮ መውረድ አይሆንለትም። ከደጋው ተነሥቶ ወደ ተከዜ በረሃ በሚወርድ መኪና ውስጥ ያለ ሰው የፎርጂ ምሰሶውን ሸንተረሩ ሲከልለው፣ ዝግጅቱ ካለ፣ ጥሪው ሳይቋረጥ ለቀድሞው ኔትወርክ ይተላለፋል። ያን ጊዜ የጠራው ድምፅ ድንገት እንስራ ውስጥ እንደሚያወራ ሰው ይሆናል። ዝግጅቱ ከሌለ ይቋረጣል። ከዚህም ሌላ ምሰሶው ፎርጂ መሆን፣ ኩባንያው ለአካባቢው አገልግሎቱን መክፈት፣ ስልኩም ቮልቲ የሚችል መሆን አለበት። ይህ ሁሉ በሁለቱም ወገን ካልተሟላ «ሰ» ተመልሶ «ፈ» የሚሆንበት ጊዜ አለ።

አገልግሎቱ ያለው ሰው ይህን ይሞክር። «ሠራ» እና «ፈራ»ን በዘፈቀደ ቀላቅሎ 20 ጊዜ በስልክ ያንብብ፤ ጓደኛው የሰማውን ይጻፍ። ቀጥሎ ከስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ቮልቲን አጥፍቶ እንደገና ይደውል። ስንቱ እንደተሳሳተ ወረቀት ላይ አስፍራችሁ እዚሁ ሰሌዳ ላይ ለጥፉልን።