ከእህል በረንዳ እስከ ሜክሲኮ አደባባይ

ምስል፦ የግብይት ወለል፣ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት።
ድምፅ፦ ደወል፣ ቀጥሎ ጩኸት። ለስድስት ሰከንድ ብቻውን ይሰማ።

ተራኪ፦
ደወሉ ተደወለ። ከዚህ በኋላ ጩኸት ነው። ሻጭና ገዢ የሚለዩት በጃኬታቸው ቀለም ነው፤ ሁሉም ቆመዋል፣ ሁሉም እጃቸውን አንስተዋል። አንዱ ዋጋ ይጠራል፣ ሌላው ዝቅ አድርጎ ይመልስለታል። ድንገት ሁለት መዳፎች ጧ ይላሉ። ተሸጠ! ወረቀቱ በኋላ ይደርሳል።

ያለነው ልደታ ክፍለ ከተማ፣ ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ፣ ጨለለቅ አልሳም ሕንፃ ውስጥ ነው። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሥራ የጀመረው ሚያዝያ 16 ቀን 2000 ዓ.ም. ነበር፤ ሚሊኒየሙን በተቀበልንበት ዓመት። ሐሳቡን ይዘው የመጡት፣ የመጀመሪያዋ ዋና ሥራ አስፈጻሚም የሆኑት፣ የምጣኔ ሀብት ባለሙያዋ ዶክተር እሌኒ ገብረመድኅን ናቸው።

ምስል፦ የዶክተር እሌኒ ፎቶግራፎች።

ተራኪ፦
በ1956 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለዱ። ያደጉት ግን ከአንድ የአፍሪካ አገር ወደ ሌላው እየተዘዋወሩ ነው፤ ሁለተኛ ደረጃን የጨረሱት ኬንያ፣ ሪፍት ቫሊ አካዳሚ ነው። ከአማርኛና ከእንግሊዝኛ ሌላ ስዋሂሊና ፈረንሳይኛ ይናገራሉ። የመጀመሪያ ዲግሪ ከኮርኔል፣ ሁለተኛው ከሚሺጋን ስቴት፣ ዶክትሬት ከስታንፎርድ፣ እ.ኤ.አ. በ1998።

በሰባ ሰባቱ ረሃብ ጊዜ እሌኒ የሃያ ዓመት ወጣት ነበሩ። ሰሜኑ ሲራብ በሌላው የአገሪቱ ጥግ እህል ነበር። እህል እያለ ሰው ለምን በረሃብ ያልቃል? ይህን ጥያቄ ዕድሜ ልካቸውን እንዳልተዉት ራሳቸው ደጋግመው ተናግረዋል። የዶክትሬት ጥናታቸውም ያመጣቸው ወደ እህል ገበያው ነው። ከልደታ ሽቅብ፣ መርካቶ፣ እህል በረንዳ።

ምስል፦ መርካቶ። ጭነት መኪና፣ ወዛደር፣ ጆንያ። ካሜራው እጆች ላይ ይቆይ።

ተራኪ፦
የዚህን ገበያ አሠራር ቀስ ብለን እንየው።

ጎጃም ያለ ነጋዴ ጤፍ ጭኖ ይልካል። ማን እንደሚገዛው አያውቅም፤ የሚያውቀው ደላላውን ብቻ ነው። ገዢው ደግሞ ድሬዳዋ ሊሆን ይችላል፤ እሱም የሚያምነው ደላላውን ነው። መኪናው ቆመ። ሹል ብረት ጆንያው ውስጥ ይሰካና እፍኝ የማይሞላ እህል ይዞ ይወጣል። ደላላው በመዳፉ ያሸዋል፣ እፍ ይለዋል፣ ለብርሃን ያሳየዋል። ዋጋ ይቆርጣል። ሁለት ሰዎች ሳይተያዩ ተገበያዩ ማለት ነው።

ደላላ በእኛ አገር ስሙ አያምርም። በሰው ላብ የሚበላ ነው ይባላል። እሌኒ ግን ስድቡን ትተው ስለ ሥራው ጠየቁ። ይህ ሰው ምን እየሰጠ ነው የሚከፈለው? መልሱ ከነጋዴዎቹና ከደላሎቹ ከራሳቸው መጣ። እህሉ የታወቀ ደረጃ ስለሌለው በዓይን መታየት አለበት። ውል ቢፈርስ በቶሎ የሚዳኝ ስለሌለ መሐል ላይ የሚታመን ሰው ያስፈልጋል። ደላላው የሚሸጠው ዓይኑንና ስሙን ነው። ዋጋው ግን ቀላል አይደለም፤ ጆንያው እጅ በቀየረ ቁጥር ይፈታል፣ ይመዘናል፣ እንደገና ይሰፋል፤ ወጪው ሁሉ ዞሮ ዞሮ ከገበሬው ኪስ ይወጣል። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ1999 የአሜሪካ የግብርና ኢኮኖሚክስ ማኅበርን የዶክትሬት ጥናት ሽልማት አገኘ። ለእኛ ግን ትልቁ ነገር አንዲት ምሁር እህል በረንዳን እንደ ተቋም ማጥናታቸው ነው።

ምስል፦ የበቆሎ ማሳ።

ተራኪ፦
1994 ዓ.ም.። በቆሎ ተትረፍርፎ ዋጋው ወደቀ። የማጨጃና የመጓጓዣ ወጪውን እንኳ ስላልመለሰ ማሳ ላይ የቀረ ሰብል ነበር። በዓመቱ ዝናቡ ከዳ፤ ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የእርዳታ እህል ጠባቂ ሆነ። በዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም ይሠሩ የነበሩት እሌኒ ከዚያ ወዲህ ሐሳባቸው አንድ ሆነ፦ ቺካጎዎች እ.ኤ.አ. በ1848 የሠሩትን ዓይነት የምርት ገበያ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ምርቱ መጋዘን ይገባል፣ ይመዘናል፣ ደረጃ ይወጣለታል። ባለቤቱ ደረሰኝ ይይዛል። ልደታ ላይ የሚሸጠው ደረሰኙ ነው፤ ጆንያውን የሚፈታው የለም። ገንዘቡ በማግሥቱ ባንክ ይገባል። ዋጋው በየገጠር ከተማው ሰሌዳ ላይ ይታያል፤ 929 የደወለም ይሰማዋል።

ምስል፦ የቡና ቅምሻ ክፍል። ማንኪያ፣ ሲኒ።

ተራኪ፦
እዚህ ላይ ምስሉ ራሱ መንገድ ያስቀይረናል። የምንተርከው ስለ ጤፍና ስለ በቆሎ ነበር፤ በእጃችን ያለው ፊልም ግን የቡና ነው። እህሉ እንደታሰበው አልመጣም። በ2001 ዓ.ም. ቡና በሕግ ወደ ምርት ገበያው እንዲገባ ሆነ፤ በራሳቸው ስም ወደ ውጭ እንዲልኩ የተፈቀደላቸው ማኅበራትና የእርሻ ባለቤቶች ብቻ ከግዴታው ውጭ ሆኑ። ቀጥሎ ሰሊጥና ቦሎቄ ገቡ። ሦስት ዓመት ሳይሞላ የዓመቱ ግብይት 1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ደረሰ።

ስኬቱ ጣጣ ነበረው። በደረጃ የተቀላቀለ ቡና የማን ማሳ እንደሆነ አይታወቅም። የይርጋጨፌን ቡና ከነቀበሌው መግዛት የለመዱ የውጭ ገዢዎች አጉረመረሙ፤ ልክም ነበሩ። ይህ የተስተካከለው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው፤ ያኔ የምርቱን መነሻ ለይቶ መሸጥ ተፈቀደ። ዶክተር እሌኒ ከኃላፊነት የለቀቁት ከዚያ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ ነበር። በመሐሉ፣ እ.ኤ.አ. በ2015፣ ግብይቱ ወደ ኮምፒውተር መዛወር ጀመረ።

ድምፅ፦ የቁልፍ ሰሌዳ።

ተራኪ፦
ለዶክተር እሌኒ ያለን አድናቆት አልቀነሰም። ሒሳቡ ግን በግልጽ ይነገር። የውጭ ምንዛሪ የሚያመጡት ቡናና ሰሊጥ ደረጃ፣ ደረሰኝና የማግሥት ክፍያ አገኙ። ኢትዮጵያዊ የሚበላው ጤፍና በቆሎ በአብዛኛው ዛሬም የሚሸጠው በደላላ ነው።