የራዲዮአክቲቭ ዝቃጭ ጥንካሬ በምትክ ጭቃ እንዴት ይለካል?

በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት በሚገኘው የሃንፎርድ ሥፍራ እ.ኤ.አ ከ1944 እስከ 1987 ለኑክሌር ጦር መሣሪያ የሚውል ፕሉቶኒየም ሲመረት ቆይቷል። ከምርቱ የተረፈው አደገኛ ቆሻሻ ከመሬት በታች በተቀበሩ 177 ታንኮች እንዲከማች ተደርጓል። ከእነዚህ ውስጥ 149ኙ ባለ አንድ ግድግዳ ሲሆኑ፤ 67ቱ ቆሻሻ ሳያፈሱ እንዳልቀሩ ይገመታል።

በታንኮቹ ሥር የረጋውን ዝቃጭ ለማውጣት በቅድሚያ ጥንካሬውን ማወቅ ያስፈልጋል። ጥንካሬው ከተገመተው በላይ ከሆነ ፓምፑ ሊያንቀሳቅሰው አይችልም። ከዚህም ሌላ ዝቃጩ ሃይድሮጂን ጋዝ አምቆ በድንገት ሊለቅ ይችላል። ኤስ ዋይ 101 በተባለው ታንክ ይህ በተደጋጋሚ በመከሰቱ እ.ኤ.አ በ1993 ማደባለቂያ ፓምፕ ተተክሎበታል።

እውነተኛው ዝቃጭ ጨረር ስለሚያመነጭ በብዛት አውጥቶ መሞከር አዳጋች ነው። በመሆኑም ተመራማሪዎች ካዎሊን ከተባለ ነጭ ሸክላ አፈርና ከውኃ ተመሳሳይ ባሕርይ ያለው ጭቃ ያዘጋጃሉ። አራት ክንፍ ያለው ዘንግ በጭቃው ውስጥ ገብቶ በዝግታ ይሽከረከራል። ጭቃው መላወስ ሲጀምር የተመዘገበው ከፍተኛ የመጠምዘዝ ኃይል ከክንፎቹ መጠን ጋር ተሰልቶ ጥንካሬው በፓስካል ይገለጻል።

ይሁን እንጂ ዝቃጭ ሲነካ ይላላል፤ ረግቶ ሲቆይ ደግሞ መልሶ ይጠነክራል። ስለሆነም ምትኩ ጭቃ የሚለካው የሚረጋበት ጊዜ ከተሰጠው በኋላ ነው። ውጤቱም ከታንኮቹ ከሚወሰዱ ጥቂት እውነተኛ ናሙናዎች ጋር ካልተነጻጸረ በስተቀር ለውሳኔ በቂ መሠረት ሊሆን አይችልም።